እቴ ይታይሽ የማትጠራው ስም

ባለፈው ወር ደብረ ማርቆስ ላይ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ዳገት መሃል ቆመች። ሹፌሩ ወርዶ ከወንበሩ ሥር መፍቻ አወጣና ከኋላ ጎማው ሥር ገብቶ ሲታገል ቆየ። ሲነሣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነበር። «ወንድሜ፣ አቆየሁህ» ብሎ መሪውን ሲይዝ የግራሶው ሽታ ወደ ኋላ መጣ። ሌላ ሰው ግራሶ ሲሸተው ጋራዥ ይታየው ይሆናል። ለእኔ የሚታየኝ የሴት እጅ ነው። የአጎቴ ሚስት፣ የእቴ ይታይሽ እጅ።

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ከአባቴ ተለይታ ወደ አባቷ ግቢ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቀበሌያችን ከጉንደ ወይን አስፋልት ወርዶ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት አለ፤ የአያቴ ቤት፣ የታናሽ ወንድማቸው የአባ ታረቀኝ ቤትና የአጎቴ ቤት። አጎቴ ግንበኛ ስለሆነ በጋውን ደብረ ማርቆስ ነው የሚከርመው፤ ስለዚህ በሦስተኛው ቤት የምትኖረው እቴ ይታይሽ ብቻዋን ነበረች።

ውሃ ከወንዝ ነበር የሚቀዳው። ቁልቁለቱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ዳገቱ ጀሪካን ለተሸከመ ሰው ሌላ ነገር ነው። እናቴ አንድ ጊዜ ወርዳ እስክትመለስ የቤት ሥራዬን ጨርሼ እርሳሴን ቀርጬ እጠብቃታለሁ።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ጉድጓድ ተቆፈረ። ከወረዳ የመጡት ቆፋሪዎች ሁለት ሳምንት ቆፈሩ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ታች ያለው ሰው ጮኸ፤ ላይ ያሉት ተቀበሉት፤ ወዲያው አገሩ ሁሉ «ውሃ ተገኘ! ውሃ ተገኘ!» ሆነ።

ተገኘ የአያቴ ስም ነው። አያቴ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ኧረ ቀስ በሉ! አንድ ሰው ነኝ፣ ለስንታችሁ ልድረስ?» አሉና ሰዉን አሳቁት።

እቴ ይታይሽ ከሴቶቹ መሃል ቆማ እያጨበጨበች፣ «ውሃው ወጣ! ውሃው ወጣ!» ትላለች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ቃሏ የተለየ እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ቀን ጀምሬ አፏን መከታተል ያዝኩ። የጠፋች ጥጃ ስትመለስ ሁሉም «ተገኘች» ሲል እሷ «መጣች» ትላለች። የወደቀ መርፌ ስታነሣ «ይኸው ታየ» ትላለች። ገበያ ስንወርድ ሌሎቹ ሴቶች ነገሩን አውቀው ይተነኩሷታል።

«ይታይሽ፣ ጠፍቶ የነበረ ነገር ሲመጣ ምን ይባላል?»

«መጀመሪያውኑ ያልጠፋ ይባላል» ትላለች፤ እነሱም በሳቅ ይፈርሳሉ።

የሚያስቃቸው አልገባኝም። ብዙ ካሰብኩ በኋላ «ኘ» የምትባለው ፊደል ምላሷ ላይ አትወጣላትም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ክፍላችን ውስጥ «ረ» የማትወጣለት ልጅ ነበረ፤ መምህራችን ቃል እየመረጠ ያስደግመው ነበር። እኔም እንደ መምህሬ ላደርግላት ወሰንኩና አንድ ቀን ጤፍ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እቴ፣ ‹እኛ› በይ።»

«እኛ።»

«‹ዳኛ› በይ።»

«ዳኛ። ምን ሆነህ ነው ዛሬ?»

«‹ተኛ› በይ።»

«ተኛ። ብትተኛ ነበር የሚሻልህ።»

«‹ተገኘ› በይ።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። አየችኝ። ከዚያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«አንተ ልጅ፣ የባሌን አባት በስም ልታስጠራኝ ነው? ባለጌ ልታሰኘኝ?»

«እኔ እጠራቸው የለም እንዴ?»

«አንተማ ልጃቸው ነህ። እኔ የመጣሁ ነኝ። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ የወንድማቸውንም አትጠራም። እናቴም አልጠራች፤ እኔም አልጠራ።»

እውነትም ሁለቱን ሽማግሌዎች «አባ» ብቻ ነበር የምትላቸው። አያቴም አባ፣ አባ ታረቀኝም አባ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው «አባ፣ ውሃ ላምጣልዎ?» ስትል ማንን እንደጠራች ዓይኗ ወዴት እንደዞረ አይተው ይለያሉ። ስንት ዓመት ሲኖሩ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ከወረዳ መልእክት መጣ። ፓምፑን የሚንከባከቡ ሁለት ሰዎች ደብረ ማርቆስ ሄደው አሥር ቀን ይሠልጥኑ፤ አንዷ ግድ ሴት ትሁን የሚል ነው። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ አየልኝ ነበር፤ ድምፁ ትልቅ፣ ማሳውም ትልቅ የሆነ ሰው። ሴቷ የተፈለገችው እጅ ስለ መታጠብ ለመማር መሰለው።

«የንጽሕና ነገር ነው። ይታይሽ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፣ እሷ ትሂድ» አለ፤ ማንም አልተቃወመም። ለመፍቻው የታሰበው የወንድሙ ልጅ ነበር።

የወንድሙ ልጅ ሦስት ቀን ሠልጥኖ ለውቂያ ተመለሰ። እሷ አሥሩን ቀን ጨርሳ መጣች፤ በእጇ ግራጫ የብረት ሳጥን፣ በብብቷ አረንጓዴ ደብተር ይዛለች። የሠፈሩ ሴቶች ከበው ሳጥኑን አስከፈቷት። አንዷ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ሳሙና የለውም እንዴ?» አለች።

ሳሙና አልነበረውም። መፍቻ ነበረው፤ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ። ቧንቧ አንቆ የሚይዝ ብረት፣ በቆርቆሮ የታሸገ ግራሶ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ክብ ጎማዎችም ነበሩ።

«ይታይሽ ሠለጠነች» ተባለ። ቃሉን አንዳንዱ ዝግ ብሎ፣ አንዳንዱ ከንፈሩን አጣሞ ይለው ነበር። እኔ የማውቀው የሠለጠነ ሰው የከተማ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሱሪ ትለብሳለች፣ ጥቁር መነጽር ታደርጋለች ብዬ ጠበቅኩ። በየቀኑ ጠዋት በሯ ላይ ቆሜ አያታለሁ። ያው ቀሚስ፣ ያው መቀነት። የተለወጠው ጥፍሯ ብቻ ነበር፤ ዙሪያው ጠቁሮ ቀረ።

አያቴ በወጣትነታቸው ዲማ ሄደው ቅኔ ቆጥረዋል፤ ባይጨርሱትም ቃል አይተው ማለፍ አይችሉም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «በግዕዙ ሠለጠነ ማለት ገዛ ማለት ነው። ሥልጠናና ሥልጣን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እንግዲህ እወቁበት» አሉ።

ሰው ሳቀ። አያ አየልኝ አልሳቀም። አያቴ እቴ ይታይሽን ያመሰግኗት ይሁን አገሩን ያስጠነቅቁ፣ ያኔ መለየት አልቻልኩም። እሳቸውም የለዩት አይመስለኝም።

ፓምፑ የካቲት ላይ ሥራ ጀመረ። በየሳምንቱ ዓርብ እቴ ይታይሽ ክዳኑን ፈትታ ሰንሰለቱን ግራሶ ትቀባለች። እጇን በአመድና በቅጠል ብታሽም ሽታው አይለቅም፤ ቆሎ ስትሰጠኝ ቆሎው ራሱ ግራሶ ግራሶ ይላል። ከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት ደብተሯን ታሳየኛለች። አንድ ገጽ ላይ ፓምፑ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተሰንጥቆ ተሥሏል። እኔ የሰው አንጀት መሰለኝ።

«ይኼ የማን ሆድ ነው?»

«የፓምፑ። ይቺ ታች ያለችውን ክብ ታያታለህ? ጎማ ናት። ውሃውን ወደ ላይ የምታመጣው እሷ ናት። እሷ ከተበላች ውሃው ከመንገድ ይመለሳል።»

መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ ውሃው ከመንገድ ይመለስ ጀመር። እጀታው ይወርዳል፣ ይወጣል፤ አፉ ግን ይተነፍሳል እንጂ አይተፋም። ሦስተኛው ቀን ላይ ጨርሶ ደረቀ። አያ አየልኝ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቶ ወረዳ ደወለ። ከፋሲካ በኋላ ባለሙያ እንልካለን አሉት። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ሴቶቹ ወደ ወንዙ ተመለሱ፤ ወንዙ በዚያ ወር ክር ስለሆነ ድንጋይ እያነሡ በጣሳ ነበር የሚጨልፉት። እናቴ ስትመለስ የቤት ሥራዬን ብቻ ሳይሆን የነገውንም ጨርሼ እጠብቃት ጀመር።

እሑድ ስብሰባ ሆነ። እቴ ይታይሽ ተነሣች።

«ጎማዋ ናት። መለዋወጫ አለኝ። ገመድና ስምንት ሰው ስጡኝ፣ አወጣታለሁ።»

«ብረቱ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባስ? የአገር ንብረት ነው» አለ አያ አየልኝ።

«ገብቶ ቢቀር እኔን ጠይቁኝ።»

«አንቺን ጠይቀን ውሃ እንጠጣለን?» ሰው ሳቀለት፤ እሱም በሳቁ ላይ ቆመ። «እሺ፣ ማክሰኞ ሞክሪ። ካልሆነ ሳጥኑንም ቁልፉንም ታስረክቢያለሽ። ከዚያ በኋላ ሴት ፓምፑን አትነካም። ይኼ ይያዝልኝ።»

ቃለ ጉባኤ ላይ ተያዘ። የያዘችው ራሷ ነበረች፤ የኮሚቴው ጸሐፊ እሷ ናትና።

ማክሰኞ ጠዋት በጉድጓዱ አፍ ላይ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አናታቸው ታስሮ ቆመ። ከላይ በተሰቀለ ክብ ብረት ውስጥ ገመድ አለፈ። አንዱን ጫፍ እቴ ይታይሽ ቧንቧው ላይ አሰረችው፤ ሌላውን ስድስት ጎረምሶች ያዙ። የገመዱ ጅራት ጉቶ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ አያቴ እጅ ገባ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲሠራ ገመድ የያዙት እሳቸው ስለነበሩ ለዚህ የሚታመን ሌላ ሰው አልነበረም። አንቆ የሚይዘውን ብረት አባ ታረቀኝ ያዙ።

ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሦስት ሜትር የሆነ ስድስት ቧንቧ ጫፍ ለጫፍ ተገጣጥሞ ጉድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ጎረምሶቹ አንዱ ቧንቧ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ይስባሉ። አባ ታረቀኝ ከሥሩ አንቀው ያጠብቃሉ። ከዚያ አያቴ ገመዱን ይለቃሉ፤ ሸክሙ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ እቴ ይታይሽ የላይኛውን ቧንቧ ትፈታና ገመዱን ቀጣዩ ላይ ታስራለች። ገመዱና ብረቱ በአንድ ጊዜ ከተለቀቁ ሁሉም ነገር ታች ነው።

የመጀመሪያው ቧንቧ በሰላም ወጣ። እቴ ይታይሽ ቀና ብላ ወደ አያቴ አየችና «አባ፣ ይልቀቁ» አለች፤ ለቀቁ።

ሁለተኛው ሲወጣ መጋጠሚያው ላይ ዝገት አየች። ጎንበስ አለች፤ መፍቻውን አስገብታ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «አባ፣ ይልቀቁ!» አለች።

ሁለቱም ለቀቁ።

ቧንቧው እንደ እባብ ሹልክ ብሎ ገባ። ገመዱ ከጎረምሶቹ እጅ አምልጦ እየተግለበለበ ተከተለው። ከታች የመጣውን ድምፅ አሁንም መግለጽ ያስቸግረኛል፤ ትልቅ በር ከመሬት በታች የተዘጋ ይመስል ነበር።

«ይኸው!» አለ አያ አየልኝ። «አገር ይመስክር!»

ወንድማማቾቹ ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«እኔን እኮ ነው ያለችው!» አሉ አባ ታረቀኝ።

«አንተን ምን ቆርጧት! ገመድ የያዝኩ እኔ!»

«‹አባ› አላለችም?»

«አባ አንተ ብቻ ነህ?»

«አንተስ ብቻህን ነህ?»

እኔ ማንን አስበልጣ እንደምትወድ የተጣሉ መሰለኝ፤ አዘንኩላቸውም። እቴ ይታይሽ ግን አፏን በእጇ ጀርባ ይዛ ቆማ ነበር። ግራሶው ጉንጯ ላይ ታትሟል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ዓይኔን አላነሣሁም።»

ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዷ ተኛች። ታች ጨለማ ነው። ተነሥታ ከሴቶቹ አንዷን «እባክሽ መስታወት አምጪልኝ» አለቻት።

«አሁን ደግሞ ልትኳኳል ነው!» አለ አያ አየልኝ፤ ሰዎቹ ሳቁ።

መስታወቱ ሲመጣ የፀሐይዋን ጨረር ተቀብላ ወደ ጉድጓዱ መለሰችው። ብርሃኑ ግድግዳውን ታኮ ወረደ። ሳቁ ቆመ። የቧንቧው ጫፍ ከአፉ አራት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«አምስት ቧንቧ ቀርቶታል፤ አሥራ አምስት ሜትር። ጉድጓዱ አሥራ ዘጠኝ ነው። አልወደቀም፣ ቆሟል» አለች ለራሷ እንደምትቆጥር። መስታወቱን ለሴትዮዋ ሰጥታ ለመጠባበቂያ በመጣ ሌላ ገመድ ሸምቀቆ ሠራችና አወረደችው። ሁለት ጊዜ ሳተችው። በሦስተኛው ሸምቀቆው ከመጋጠሚያው እብጠት ሥር ገባ፤ ሳብ ስታደርገው ጠበቀ። «እልል» ያለች አንዲት ሴት ነበረች፤ ሌሎቹ በዓይን ዝም አሰኟት።

ጎረምሶቹ ገመዱን ያዙ። አያቴ ጅራቱን ጉቶው ላይ ጠመጠሙ። አባ ታረቀኝ ብረታቸውን አዘጋጁ። እቴ ይታይሽ መሬት መሬት እያየች፣ «ከእንግዲህ ገመድ የያዙትን ‹ገመድ› እላለሁ፤ ብረት የያዙትን ‹ብረት› እላለሁ» አለች።

«እንዴት?» አሉ አያቴ።

«እንዳይምታታ ብዬ ነው፣ አባ።»

«እኔ ገመድ ነኝ? ሰባ ዓመት ስም ይዤ ኖሬ፣ ዛሬ በጾም ምድር ገመድ ልባል?»

ጎረምሶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። አያቴ አልሳቁም።

«ስም አለኝ» አሉ።

እኔ በጣም የተቆጡ መሰለኝ፤ በዚያች ቅጽበት ሳጥኑ ከግቢያችን ሲወጣ ታየኝ። እቴ ይታይሽም የገባት አይመስለኝም፤ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። ወደ ጉድጓዱ ዞረችና «ሳቡ!» አለች።

ሳቡ። አንዱ ቧንቧ ወጣ፤ ሸክሙ የአምስት ቧንቧ ነው፤ የጎረምሶቹ አንገት ጅማት ተወጠረ። አባ ታረቀኝ ብረቱን አጠበቁ።

«ጠብቋል!» አሉ።

አሁን ገመዱ መለቀቅ አለበት። እቴ ይታይሽ ከብረቱ ላይ ዓይኗን ማንሣት አትችልም፤ ከተንሸራተተ የምታየው እሷ ብቻ ናት።

«አባ…» አለችና ቆመች። ሁለቱም ሽማግሌዎች ደነገጡ፤ ሁለቱም እጃቸውን አጠበቁ።

«እቴ፣ ቶሎ በይ! እጃችን አለቀ!» አለ አንዱ ጎረምሳ።

ከንፈሯን ስታርስ አየኋት።

«አባ ተገኘ!»

አልጮኸችም። «ኘ»ዋ ግን ጥርት ብላ ወጣች፤ ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እኔ አያቴን አየሁ። እሳቸው ልጅ ሲጠራቸው «ወይ» ነው የሚሉት፤ ጎረቤት ሲጠራቸው «ምነው» ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ሌላ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

«አቤት!» አሉ።

ንስሐ አባታቸው የጠሯቸው ይመስል ጎንበስ ብለው ነው ያሉት።

«ይልቀቁ።»

ቀስ አድርገው ለቀቁ። ብረቱ ሸክሙን ተቀበለ፤ አልተንሸራተተም። እቴ ይታይሽ በመፍቻው ተጫነችው፤ ዝገቱ ጮኸና ተፈታ። ገመዱ ቀጣዩ ቧንቧ ላይ ታስሮ ሲወጠር «አባ ታረቀኝ፣ ይፍቱ» ስትል አባ ታረቀኝ መጀመሪያ ወንድማቸውን አዩ፤ ከዚያ እሳቸውም «አቤት» አሉ።

የመጨረሻው ቧንቧ ሲወጣ ጎማዋ መዳፏ ላይ ወደቀች፤ አንድ ጎኗ አይጥ እንደበላው ሆኗል። ለአያ አየልኝ ሰጠችው። እያገላበጠ አያት። አዲሷ ገባች፤ ቧንቧዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ዘወር ስትል እጀታው ተመለሰ። አሥር ጊዜ ያህል አየር ብቻ ተነፈሰ። ከዚያ ዝገት የቀላቀለ፣ ቀጥሎም ንጹሕ ውሃ መጣ፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ለመደርደር ሲሯሯጡ አንዱ ሌላውን እየገለበጠ ጭቃ ውስጥ ተንከባለለ። አያ አየልኝ መፍቻዎቹን ለቃቅሞ ሳጥኑን ዘጋው፤ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ እቴ ይታይሽ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘ።

እኔ የዚያን ቀን ትምህርት ቤት አርፍጄ ነው የሄድኩት፤ ሥራው ሳያልቅ መሄድ አልቻልኩም። እየቆጠርኩ ነበር። አምስት ቧንቧ ሲወጣ፣ ስድስት ቧንቧ ሲመለስ፣ አሥራ አንድ ጊዜ የአያቴን ስም ጠራች። አሥራ አንድ ጊዜ «አቤት» አሉ።